የጠዋት ዘይት፣ የቀትር ዘይት

የሞተር መጋዝ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ዘይት ይገዛል። አንደኛው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠለው ነው። ስለዚህኛው ሁሉም ይጠነቀቃል፤ መጠኑ ከተሳሳተ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፣ ኪሳራውም በዚያው ቀን ይታወቃል። ሁለተኛው የካቴናው ዘይት ነው። ለእሱ የሚጨነቅ ጥቂት ነው። «የተገኘውን ጨምርበት» ይባላል፤ ከትራክተር የወረደ የተቃጠለ ዘይት፣ ከወጥ ቤት የተረፈ ፓልም፣ ከጋራዥ የመጣ ስሙ የማይታወቅ ጥቁር ፈሳሽ ይገባበታል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ማንም ከዘይቱ ጋር አያያይዘውም። ካቴናው የሚዞርበት የብረት ምላስ፣ ባሩ፣ በዓመቱ ማለቅ ሲገባው በሦስት ወሩ ያልቃል፣ ካቴናው ይረግባል፣ መጋዙ «አረጀ» ይባላል።

ነገሩን ለማስረዳት የባሌዋን አጋርፋን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የስንዴ አገር ናት፤ በየማሳው ዳር ግን ባሕር ዛፍ ቆሟል፣ በየግቢው የፈረንጅ ጥድ አለ። አጣናው፣ ማገሩ፣ ማገዶው፣ የቤቱ ጣውላ ከዚያ ይወጣል። እንጨት ቆራጩም መጋዙን ተሸክሞ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከጋሰራ እስከ ዲንሾ ይዞራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያገኛቸው የአየር ጠባዮች በሌላ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቁ ናቸው። የዘይት ምርጫ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ዘይቱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ካቴናው በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በሰዓት ሲሰላ ከ70 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከሮቤ ወደ ጎባ በአስፋልቱ የሚሄድ ሚኒባስ ፍጥነት ነው። ሚኒባሱ ግን ጎማ አለው። ካቴናው የሚሮጠው ጠባብ የብረት ቦይ ውስጥ ነው፣ ብረት በብረት ላይ እየተፋተገ፣ እንጨቱም ከላይ እየተጫነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ስስ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ንጣፉ ሲጠፋ የባሩ ጠርዝ ይግላል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ የካቴናው መጋጠሚያዎች ይላላሉ፣ የባሩ አፍንጫ ላይ ያለችው ባለ ጥርስ ትንሽ መዘውርም ትቆማለች።

የመኪና ዘይት ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። የካቴና ዘይት አይመለስም። ፓምፑ ከገንዳው ስቦ በባሩ ቀዳዳ በኩል ወደ ቦዩ ይልከዋል፣ ካቴናው ይዞት እስከ አፍንጫው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሰጋቱራው፣ ወደ ግንዱ፣ ወደ አፈሩ፣ ወደ ቆራጩ ሱሪ ይረጫል። በደንብ የተስተካከለ መጋዝ አንድ ገንዳ ቤንዚን ሲጨርስ የዘይቱንም ገንዳ ሊጨርስ ይቃረባል። ቤንዚኑ አልቆ ዘይቱ ግማሽ ላይ ከቆመ ቁጠባ አይደለም፤ ካቴናው ደርቆ ውሏል ማለት ነው።

ከዚህ ስንነሳ ጥሩ የካቴና ዘይት ሁለት ጠባይ ያስፈልገዋል። አንደኛው ይጣበቃል፤ በዚያ ፍጥነት ካቴናው አፍንጫው ላይ ሲታጠፍ ተስፈንጥሮ እንዳይጠፋ ብረቱን ይይዛል። ሁለተኛው ይፈስሳል፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳና ቦይ ውስጥ ሳይጨናነቅ ያልፋል። ሁለቱ ጠባዮች ይጣላሉ። የሚጣበቀው ወፍራም ነው፣ የሚፈሰው ቀጭን ነው። ለካቴና ተብሎ የሚመረተው ዘይት ውድ የሚሆነው ይህን ጠብ ስለሚያስታርቅ ነው፤ ረጃጅም ሞለኪውሎች ያሉት ማጣበቂያ ይጨመርበታልና ቀጭን ሆኖም ብረት አይለቅም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጠብ አድርጎ ቀስ ብሎ መለያየት ይበቃል። የካቴና ዘይት ክር ይስባል። ተራ የሞተር ዘይት ወዲያው ይበጠሳል። ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይህን ለመሞከር የሚያፍር ገዢ ካለ አይፈር፤ ባለ ሱቁም ይወቀው።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። ከመጋዙ ጋር የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው፤ በበጋ ወፍራም፣ በክረምት ቀጭን ይላል። በዚያ አገር ክረምት ማለት በረዶ ነው። ይህን እንዳለ ወደ ባሌ ያመጣ ሰው በሐምሌ ቀጭን፣ በጥር ወፍራም ዘይት ይጨምራል። ነገሩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በባሌ ደጋ ሌሊቱ የሚከፋው ሰማዩ ሲጠራ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ነው። ደመና የሌለው ሌሊት የቀኑን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ በማለዳ ሜዳው ላይ አመዳይ ነጥቶ ይታያል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ስለሚሸፍን ሌሊቱም ቀኑም ተቀራራቢ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ቢሰብርም ወደ ዜሮ አይወርድም። በዚያው በጥር ግን ጠዋት አመዳይ የነበረበት ሜዳ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

ስለዚህ የባሌ ቆራጭ ዘይቱን በወር ሳይሆን በሰዓትና በከፍታ መምረጥ አለበት። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጎባ ከ2,700 ይበልጣል፣ ዲንሾ 3,000 ገደማ ነው። ከጎባ በስተደቡብ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ቱሉ ዲምቱም በ4,377 ሜትር ይቆማል፤ ከዚያ መንገዱ በሐረና ደን አልፎ ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። ጠዋት ጎባ የተነሳ መኪና በአንድ ቀን ውርጭም ቆላም ያያል። አንድ ጄሪካን ዘይት ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሆንም።

ቁጥሩን ላስረዳ። በተለምዶ «40 ዘይት» የሚባለው ነጠላ ቁጥር የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውፍረት ለካቴና ጥሩ ነው። ያው ዘይት ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ ግን ውፍረቱ ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ፓምፑ ትንሽ ነው፤ እንዲህ የወፈረውን መሳብ ያቅተዋል። ቆራጩ ገንዳው ሙሉ መሆኑን አይቶ ተማምኖ ይጀምራል፣ ባሩ ግን ደረቅ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሚደርሰው ጉዳት ቀኑን ሙሉ ከሚደርሰው ሊበልጥ ይችላል። «90» የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ክር ይስባል፣ በእጅ ሲነካ የሚያረካ ይመስላል፤ በዲንሾ ጠዋት ግን ከገንዳው ወለል አይነሳም።

ዘይቱ እስከ ካቴናው መድረሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ አዲስ የተቆረጠ ጉቶ ይበቃል። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ የጉቶው ፊት ፈዘዝ ያለ ክሬም መልክ አለው፣ እርጥብም ነው። መጋዙን አስነስቶ የባሩን አፍንጫ ከጉቶው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሳያስነኩ፣ ጋዙን ለጥቂት ሰከንድ መስጠት ነው። ዘይቱ እየደረሰ ከሆነ በፈዛዛው እንጨት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል፤ መጀመሪያ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ ነጠብጣቦቹ ተያይዘው አንድ ሰረዝ ይሆናሉ። ሰረዙ ካልመጣ መቁረጥ የለም። ቆራጩ ሲያመነታ ባለ ዛፉ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቀኑ እየሄደ ነው» ቢሉትም «አባባ፣ ትንሽ ይሞቅ» ብሎ መጠበቅ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ በደረቀ ካቴና የተጀመረ ሥራ እኩለ ቀን ላይ ካቴና ለመሞረድ ይቆማል።

ሰረዙ ካልታየ በመጀመሪያ የሚደረገው ምንም አያስከፍልም። የዘይት ጄሪካኑን ማታ ቤት ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋትም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከቤት ሳይወጣ ማቆየት ነው። ከእሳት አጠገብ አይሁን፣ በተለይ ከቤንዚኑ ጋር። ቀጥሎ ፓምፑ ነው። ብዙዎቹ መጋዞች ከሆዳቸው በኩል የዘይቱን መጠን የሚጨምርና የሚቀንስ ቡሎን አላቸው፤ በካቻቢቴ ይዞራል። ጠዋት ከፍቶ፣ ፀሐይ ሲጠነክር መልሶ መቀነስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በዚህች ቡሎን የሚጠቀም ቆራጭ እጅግ ጥቂት ነው፤ መኖሯን የነገረው ሰው የለማ። አጋርፋ ውስጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ገበሬና የግብርና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ኮሌጅ አለ። ለእንጨት ቆራጮች የግማሽ ቀን ትምህርት ቢሰጥ፣ ይህች ቡሎን ብቻ ብዙ ባር ታድናለች ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ዘይት መምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ ስንዴው ራሱ ለቆራጩ ውለታ ውሎለታል። በአጋርፋና በሲናና ማሳዎች ትራክተርና ኮምባይነር ስለሚሠሩ በሮቤ ሱቆች «15-40» የሚባለው የናፍጣ ሞተር ዘይት ሁልጊዜ አለ። ይህ ዘይት ሲበርድ እንደ ነጠላው 40 አይወፍርም፣ ሲሞቅም ከመጠን በላይ አይቀጥንም። ክር አይስብም፤ ስለዚህ ትንሽ ይረጫል፣ ፓምፑም ከፈት ማለት አለበት። ለባሌ ጠዋት ግን ከ40 ይሻላል። ከዚያው ከትራክተሩ ወገን የሚገኘው «68» የሃይድሮሊክ ዘይት ይበልጥ ቀጭን ነው። በውርጭ ይፈስሳል፣ በቀትር ፀሐይ ደረቅ ግንድ ሲቆረጥበት ግን ቶሎ ይቀጥናል፣ ይበታተናል። ለብቻው አልመክረውም፤ ከ40 ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ለማለዳ መጠቀም ይቻላል።

እንጨቱም ራሱ ይናገራል። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ውሃ ስላለው ካቴናውን በመጠኑ ያበርደዋል። ዓመት የተቀመጠ ደረቅ ባሕር ዛፍ ግን እንደ ብረት ነው፤ ያን ጊዜ በቀትር 40 ወይም እውነተኛ የካቴና ዘይት ከሌለ ባሩ ይቃጠላል። የፈረንጅ ጥድ ሙጫ አለው፤ ሙጫው ከሰጋቱራ ጋር ተጋግሮ ቦዩን ይደፍናል፣ ወፍራም ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ጥድ የሚቆርጥ ሰው ቀጠን ያለ ዘይት፣ ቶሎ ቶሎም የቦይ ጽዳት ያስፈልገዋል።

የተቃጠለ ዘይትን ለብቻው ላንሳው። በነፃ ወይም በርካሽ ዋጋ የሚገኝ ስለሆነ ክርክሩ ከባድ ነው፤ ድሃ ለሆነ ሰው «አትጠቀምበት» ማለት ቀላል እንዳይደለም አውቃለሁ። ግን የሞተር ዘይት ሲቃጠል ሦስት ነገር ይደርስበታል። የሞተሩን የብረት ብናኝ ይሸከማል፤ ያ ብናኝ በመጋዙ ፓምፕና በባሩ ቦይ ውስጥ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ጥላሸት፣ ውሃና ነዳጅ ይገባበታል፤ መቀባት የሚችልበት ኃይሉ ይቀንሳል። ሦስተኛው የሚያሳስበኝ ነው። ካንሰር የሚያመጡ ውሁዶች በውስጡ ይጠራቀማሉ። የመጋዝ አምራቾች መመሪያዎቻቸው ላይ የተቃጠለ ዘይት በፍጹም እንዳይገባ፣ በተደጋጋሚ ቆዳ ከነካ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ይጽፋሉ። መመሪያው በአማርኛም በኦሮምኛም ስለማይመጣ የሚያነበው የለም። የመጋዝ ዘይት ደግሞ በጨርቅ የሚጠረግ አይደለም፤ እየተረጨ ፊት ላይ ያርፋል፣ ሱሪ ውስጥ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ጭን ላይ ይውላል። ማታም ልብሱን የምታጥበው ሌላ ሰው ናት።

ሌላም ችግር አለ። የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለሙ ተሻሽሎ፣ እንደ አዲስ በሊትር ሲሸጥ ይገኛል። ከበርሜል ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ከመግዛት በፊት አንዲት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርጎ ጥቂት መጠበቅ ነው። አዲስ ዘይት በወረቀቱ ላይ ተንሰራፍቶ አንድ ወጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫማ ክብ ይሠራል። የተቃጠለው መሃል ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር እምብርት ትቶ ዳር ዳሩን ይሰፋል። ሽታውም ይለያል።

ስለ ምግብ ዘይት በተደጋጋሚ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ጥሩ ነው። የአትክልት ዘይት ለአፈርም ለቆዳም ከማዕድን ዘይት ይሻላል፤ ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከማዕድን ዘይት የተሠራ የካቴና ዘይትን ከልክላለች። የኛ ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ግን ፓልም ነው፤ ፓልም ደግሞ በባሌ ጠዋት ይረጋል። ጠርሙሱን አንድ ሌሊት ውጭ ማሳደር ሁሉን ያሳያል። በመጋዝ ገንዳ ውስጥ የረጋ ፓልም ቱቦውንም ማጣሪያውንም ይደፍናል። ተልባ አይረጋም፤ ችግሩ ሌላ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ለዚህም ነው ቀለም የሚሠራበት። ሁለት ሳምንት የተቀመጠ መጋዝ ካቴናው ከባሩ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ኑግም በዝግታ ወደዚያው ያዘነብላል።

ጎመን ዘር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። በደጋችን የኖረ ሰብል ነው፤ በየቤቱ ምጣድ የሚታሰሰው በእሱ ነው፣ ሙቀት ይችላልና። ኤሩሲክ አሲድ የሚባለው ውሁድ ስለሚበዛበት ለመብል ያን ያህል አይመረጥም፤ ለብረት ቅባትነት ግን ያው ውሁድ ጥቅም ነው። ካናዳ ውስጥ የእኛው ጎመን ዘር ዘመድ እርሻ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ የእንፋሎት ሞተሮች ቅባት ተፈልጎ ነው። ዘይቱ ውሃና እንፋሎት በሚነካው ብረት ላይ ከሌላው ይበልጥ ይጣበቃልና። መጭመቂያ በአቅራቢያው ያለ ገበሬ ጎመን ዘር ማስጨመቅ፣ ለቀናት አስቀምጦ ዝቃጩን ማዝቀጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ይችላል። ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። ዘይቱን ከአንድ ወቅት በላይ አያስቀምጠው፣ ይሻግታል። መጋዙን ለሳምንታት ከማቆሙ በፊትም ገንዳውን በጥቂት የሞተር ዘይት አጥቦ ለጥቂት ደቂቃ ያስነሳው፤ አለበለዚያ ጎመን ዘርም በጊዜ ብዛት ሙጫ ይሆናል።

ወደ ኪስ እንምጣ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዘይትም ባርም ካቴናም ተወድዷል። ስለዚህ የዛሬን ዋጋ እዚህ ብጽፍ ነገ ይሽራል፤ የስሌቱን መንገድ ልስጥ። የሊትር ዋጋን ለብቻው ማየት ያሳስታል። አንድ ባር ስንት ሊትር ዘይት እንደሚያስጨርስ መጻፍ፣ የባሩንና የካቴናውን ዋጋ በዚያ ሊትር ማካፈል፣ ውጤቱን በሊትሩ ዋጋ ላይ መደመር ነው። በዚህ መንገድ ሲሰላ በነፃ የተገኘው የተቃጠለ ዘይት አንዳንዴ ከሁሉም ይወደዳል።

ዓመቱን ሙሉ በመጋዝ የሚተዳደር ሰው ቢያንስ ለደረቅ እንጨትና ለዝናብ ወራት እውነተኛ የካቴና ዘይት ቢይዝ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ስለሚጣበቅለት ፓምፑን ቀንሶ መሥራት ይችላል፣ ፍጆታው ይወርዳል። በዓመት ጥቂት ቀን የራሱን ባሕር ዛፍ ለሚቆርጥ ገበሬ ለትራክተር የተገዛ አዲስ 15-40 ይበቃዋል፤ ለእሱ ውድ ዘይት ገዝቶ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም። አቅሙ ነጠላ 40 ብቻ የሚፈቅድለት ሰው በ40 ይሥራ፤ ጠዋት ያሙቀው፣ ከዲንሾ ከፍ ካለ በ68 ያቅጥነው። በነጭ ጋዝ የሚያቀጥኑ አሉ። ለአንድ ብርቱ ጠዋት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ጎጂ አይደለም፤ ቀኑ ሲሞቅ ግን ያ ገንዳ አልቆ በንጹሕ 40 መተካት አለበት።

በባሌ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፣ ገበሬውም ከመጋቢት እስከ ሐምሌና ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ስለሚያመርት፣ እርጥቡ ጊዜ ረጅም ነው። በእርጥብ ጊዜ የዘይት ጠላት ውሃና ጭቃ ነው። በጭቃ ላይ የተጎተተ ግንድ ቅርፊቱ ውስጥ አሸዋ ይይዛል፤ የትኛውም ዘይት አሸዋን አይችልም፣ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ገፍፎ መቁረጥ ነው። ገንዳው ሲከፈት የዝናብ ጠብታ እንዳይገባ፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለው ሰጋቱራ ሳይጠረግ ክዳኑ እንዳይፈታ። ማታ ካቴናውን ፈትቶ በዘይት ነክሮ ማሳደር ዝገትን ይከለክላል። ባሩንም ገልብጦ መግጠም ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ከሠራ ያ ጎን ብቻ ያልቃል። ሲገለበጥ የዘይት ቀዳዳውንና ቦዩን በቀጭን ሽቦ መጥረግ አይረሳ፤ «ፓምፑ ሞቷል» ተብሎ ጋራዥ ከሚሄደው መጋዝ ብዙው ቀዳዳው የተደፈነ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ሰው ለተከለው ባሕር ዛፍና ለፈረንጅ ጥድ ነው። ኮሶው፣ የሐበሻ ጥዱ፣ ዝግባው በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ቅርብ ነው። ከእነዚህ ተራሮች ወይብ፣ ወልመልና ዱማል ይነሳሉ፣ ውሃቸውም እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣል። አንድ መጋዝ በቀን ሁለት ሊትር ዘይት መሬት ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ምንጭ ዳር ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ጎመን ዘር ካለ ያ ቀን ለእሱ ይቀመጥለት። ገንዳው የሚሞላውም ከውሃው ራቅ ብሎ ደረቅ ሰጋቱራ በተነጠፈበት ላይ ይሁን፤ ዘይት የጠጣው ሰጋቱራ በማዳበሪያ ከረጢት ተሰብስቦ ይወሰድ።